ስምንት ደቂቃ ሲቀረው

ጠዋት ቢሮ የሚገባ ሰው ሁሉ ባልደረባውን «እንዴት አደርክ» ብሎ ሥራ ይጀምራል። እሷ የምትጀምረው ግድግዳ በማየት ነው። ግድግዳው ላይ ሰፊ ስክሪን ተሰቅሏል፤ ስክሪኑ ላይ አሥራ ሦስት ክብ ነጥቦች አሉ፤ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ሱቅ ነው። ድርጅቱ ሴራሚክ፣ ቀለም፣ የቧንቧ ዕቃና የበር እጀታ ይሸጣል። ቅርንጫፎቹ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሥር ካለው አንስቶ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን እስከሚያስኬደው ድረስ የተበተኑ ናቸው። የአንድ ሱቅ የኮምፒውተር መስመር ሰላም ከሆነ ነጥቡ አረንጓዴ ነው። መስመሩ ሲጠፋ ነጥቡ ቀይ ይሆንና ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ያሰማል። ያኔ ስልክ አንስታ ወደዚያ ሱቅ ትደውላለች፤ ይህን ንቀል፣ ያንን ሰካ እያለች እስኪስተካከል ድረስ ትቆያለች። ሥራዋ ይኸው ነው።

ክፍሏ መስኮት የላትም። በአንድ በኩል ብቻ ወደ ኮሪደሩ የሚያሳይ መስተዋት አለ። ማሽኖቹ እንዳይግሉ ክፍሉ ሁልጊዜ ስለሚቀዘቅዝ ውጭ ሰው በላብ ሲጠመቅ እሷ ሹራብ ለብሳ ትቀመጣለች፤ በኮሪደሩ የሚያልፉ ሰዎች በመስተዋቱ አይተዋት «ይቺ ልጅ ያማታል እንዴ?» ይባባላሉ። ከዚያች ወንበር ላይ ሆና የትኛው ሱቅ አርፍዶ እንደከፈተ፣ የትኛው ገንዘብ ተቀባይ ምሳ እንደወጣ ታውቃለች። እሷ ምሳ መብላቷን የሚያውቅ ሰው ግን በዚያ ሕንፃ ውስጥ አልነበረም። ከሕንፃው ውጭ አንድ ሰው ነበር፤ የዛሬው ታሪካችንም የእሱ ነው።

ሰውየው የአሥራ አንደኛው ቅርንጫፍ ስቶርኪፐር ነበር። በዚያ ሱቅ ቦታ ስላልነበረ የኔትወርኩ ሳጥን የተሰቀለው መጋዘን ውስጥ፣ ከቀለም ባልዲዎቹ በላይ ነው፤ ስለዚህ መስመር በጠፋ ቁጥር ስልኩን የሚያነሳው እሱ ሆነ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የደወለችለት ዕለት እንዲህ ነበር የተባባሉት፦

«ማዕከል ነኝ፤ መስመራችሁ ጠፍቷል። እባክዎ ሳጥኑ ላይ ስንት መብራት በርቷል?»

«የትኛው ሳጥን እመቤቴ? እዚህ ሦስት ሺህ ሳጥን አለ። አንዱም መብራት የለውም።»

ሳቀች። ሳቋ ያንን ክፍል ሲሞላው ራሷ ደነገጠች፤ እዚያ ውስጥ ስቃ አታውቅማ።

አንድ የተበላሸ መስመር ለማስነሳት ኬብሉን ነቅሎ እስከ ሠላሳ መቁጠርና መልሶ መሰካት ያስፈልጋል። ሌሎቹ ቅርንጫፎች በልባቸው ነው የሚቆጥሩት፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ ሳይቆጥሩ «ቆጥሬአለሁ» ብለው ይዋሿታል። እሱ ግን ጮክ ብሎ ይቆጥርላታል፤ በቁጥሮቹ መሃል ደግሞ ወሬ ይሰነቅራል።

«አሥራ አንድ… ዛሬ ድምፅዎ ጉንፋን የያዘው ይመስላል… አሥራ ሁለት… ትኩስ ነገር ጠጥተዋል?… አሥራ ሦስት…»

ስድስት ወር ሙሉ «እርስዎ» ሲባባሉ ቆይተው አንድ ቀን አሥራ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ «ምሳ በልተሻል?» አላት። ያመለጠው መስሏት መልሶ እንዳያርመው ፈራችና ቶሎ ብላ «አልበላሁም፤ አንተስ?» አለችው። የዚያን ቀን መቁጠሩን ረሳው፤ መስመሩ ሰባት ደቂቃ ፈጀ።

የተያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለአንድ ቀን ሥልጠና ዋናው መሥሪያ ቤት መጥቶ ነበር። እሷ ከሌላ ቅርንጫፍ ጋር ስልክ ላይ እያለች ቀና ስትል መስተዋቱ ማዶ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ቆሟል፤ የሸሚዙ እጅጌ ላይ ነጭ ቀለም ነክቶታል። አሥሩን ጣቶቹን ዘረጋላት። ከዚያ አጠፋቸውና አንዷን ብቻ አቆመ። አሥራ አንድ! እጇን አነሳችለት፤ ፊቷ ሲግል ተሰማት። እስከዚያ ድረስ ዓይኑ ምን እንደሚመስል አስባ አታውቅም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር ማሰብ ተሳናት። ወዲያው ወንድሟ መጥቶ ሰውየውን ወደ አዳራሹ ይዞት ሄደ፤ ስልኩን ጨርሳ ስትወጣ ኮሪደሩ ባዶ ነበር።

ወንድሟ የክፍሉ ኃላፊ ነው። «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለው። አባትና እናታቸው ሲሞቱ እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደጋት፣ ያስተማራት፣ ይህን ሥራ ያስያዛትም እሱ ነው። እስከ ዛሬም የምትኖረው እሱና ሚስቱ ቤት ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ግን እሷን በተመለከተ እሱ የወሰነው ሁሉ አንዴ የተወሰነ ነው፤ እሷም ቃል መልሳለት አታውቅም። ያሳደገ ሰው ፊት ቃል ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

አንድ ቀን በመኪናው ወደ ቤት ሲሄዱ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «አሥራ አንድ ጋ ስትደውዪ ድምፅሽ ይለወጣል» አላት።

«ኧረ አይለወጥም ወንድም ጋሼ።»

«ይለወጣል። እኔ አንቺን ያስተማርኩሽ ካርቶን ለሚቆጥር ሰው አይደለም። ልብ ግዢ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በእግረኛ መንገዱ ላይ ይሄዱ ነበር።

ስቶርኪፐሩም ነገሩን ያውቀዋል። የአለቃ እህት መሆኗን ሰምቷል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የግል ስልኳን አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። እሷም ሳትጠየቅ አልሰጠችም። መስመር ሲጠፋ ትደውላለች፤ ሲስተካከል ትዘጋለች። የአሥራ አንደኛው መስመር ደግሞ፣ ደግነቱ፣ በየቀኑ ነበር የሚጠፋው።

ነገሩ የተበላሸው የዛሬ ስድስት ሳምንት፣ ረቡዕ ነው። ወንድሟ የወሩን ሪፖርት ይዞ ወደ ክፍሏ ገባና ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

«ሌላው ቅርንጫፍ በወር ሁለቴ ሦስቴ ነው። አሥራ አንድ ሃያ አራት ጊዜ! ዕቃው አዲስ ነው፣ እኔ ራሴ ነኝ የገዛሁት። ልጁ ነው የሚነካካው። በሚቀጥለው ሪፖርት እንዲህ ሆኖ ካገኘሁት ለሥራ አስኪያጁ አቅርቤ አስነሳዋለሁ፤ እዚህ ላይ አልቋል።»

ወንድሟ ወጣ። ከአሥራ አንድ ሌላ ሰው «ሃሎ» ሲላት በጆሮዋ ሰማችው። ያንን ልትሸከመው አልቻለችም። በመቆጣጠሪያው ፕሮግራም ውስጥ አንዲት ትንሽ ቦታ አለች፤ «መስመር ጠፍቶ ስንት ደቂቃ ሲቆይ ነው ቀይ የማሳየው?» ብላ የምትጠይቅ። ለሁሉም ሱቅ የተሞላው አንድ ደቂቃ ነው። እሷ የአሥራ አንድን አጥፍታ ስልሳ ጻፈችበት። ከዚያ በኋላ መስመሩ አንድ ሙሉ ሰዓት ካልጠፋ በቀር ነጥቡ አረንጓዴ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሪፖርት ላይም አይገባም። እናት ሊገረፍ የደረሰ ልጇን ከኋላዋ እንደምትደብቅ ደበቀችው።

ነገ ደውዬ እነግረዋለሁ አለች። ነገ ሲመጣ አልቻለችም። «እንዳያነሱህ ብዬ ነው» ካለችው «ብነሳ አንቺን ምን ቸገረሽ?» ይላታል። ለዚያ የሚሆን መልስ ነበራት፤ ከአፏ የሚወጣ ግን አልሆነም። ለዚያች ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ስትል ዝም አለች።

እናም አሥራ አንደኛው ነጥብ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር። መጀመሪያ ደስ አላት፤ ስልሳ መጻፏን እያወቀች እንኳ መስመሩ ራሱ የዳነ መሰላት። በኋላ ግን ደስታው እየጎመዘዘ መጣ። እሱ እንደሁ አይደውልም፤ ማዕከሉ ይደውላል እንጂ ቅርንጫፍ ወደ ማዕከሉ አይደውልም፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። ሌሎቹ ነጥቦች በተራ ቀይ ይሆናሉ፤ ሰባት ይጮኻል፣ ሦስት ይጮኻል፤ ታነሳለች፣ «ማዕከል ነኝ» ትላለች፣ ሰዎቹ እያጉረመረሙ ይነቅላሉ፣ ይሰካሉ፣ ይዘጉባታል። ምሳ ሰዓት ላይ ከቤት የያዘችውን ትከፍትና ሁለት ጊዜ ጎርሳ ትከድነዋለች። አንድ ሱቅ ደህና ስለሆነ የምታለቅስ የኔትወርክ ሠራተኛ አይታችሁ አታውቁም ይሆናል። እሷ ግን ሽንት ቤት ገብታ ሁለት ቀን አልቅሳለች።

መስመር የጠፋበት ሰዓት ሁሉ የሚመዘገብበትን የአሥራ አንድን ገጽ ከፍታ ብታይ ኖሮ ሁሉን ታውቅ ነበር። አልከፈተችውም። ደንቡን ጥሶ ስላልደወለላት ተቀይማው ነበርና ያኮረፈችው ሰው ደጅ ላይ መቆም አልፈለገችም።

ማታ እራት ላይ ወንድሟ ደስ ብሎት ነበር። «አያችሁ? አሥራ አንድ አደብ ገዛ! አንድ ወር ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም። ሰው ቆጣ ሲሉት ነው የሚገባው» አለ። እሷ ሳህኗን አነሳችና ወደ ማጠቢያው ሄደች፤ ውኃውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሰው ኃይል ክፍል አንድ ቅጽ መጣላት። እንዲህ ዓይነት ቅጽ በወር አንድ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ የኮምፒውተር መግቢያው እንዲዘጋ የሚያዝ ነው። ቅርንጫፍ የሚለው ቦታ ላይ አሥራ አንድ ተብሎ ተጽፏል። የሥራ መደብ፣ ስቶርኪፐር። የመጨረሻ የሥራ ቀን፣ ዛሬ።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከሥሩ የመልቀቂያ ደብዳቤው ኮፒ ተያይዟል። የእጅ ጽሑፉን ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ፊደሎቹ ትልልቅና ቀጥ ያሉ፣ ካርቶን ላይ በወፍራም እስክሪብቶ መጻፍ የለመደ ሰው ፊደል ነበሩ።

«በግል ምክንያት ሥራዬን በፈቃዴ መልቀቄን አሳውቃለሁ። ሌላ ቦታ የሁለት ዓመት ውል አግኝቻለሁ። የተረከብኩትን ንብረት በሙሉ አስረክቤ እወጣለሁ። በተጨማሪ፣ መስመር በጠፋ ቁጥር ስትረዳኝ ለነበረችው የማዕከሉ ባልደረባ ምስጋናዬ ይድረስልኝ። ከሚገባው በላይ ስላስቸገርኳት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። በመጨረሻ ዝም ያለችኝም ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ አልተቀየምኩም።»

ዝም ያልኩት መቼ ነው? አለች በልቧ። ምን ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት?

የአሥራ አንድን ገጽ ከፈተች።

ፕሮግራሙ ቀይ እንዳያሳይ ሊታዘዝ ይችላል እንጂ እንዲረሳ ማንም አያዘውም። ዝርዝሩ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ደቂቃውን ጠብቆ ቁጭ ብሎ ኖሯል። ስልሳን በጻፈች ማግስት፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር፣ መስመር ጠፍቷል፤ አራት ደቂቃ። ዓርብ፣ አራት ሰዓት ከአሥር፣ ስድስት ደቂቃ። ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት ከአሥር፣ ዘጠኝ ደቂቃ። ሰኞ፣ አራት ሰዓት ከአሥር። ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ከአሥር። ብልሽት ሰዓት አያስርም። ወደ ኋላ ሄደች፤ ባለፈው ወርም፣ ከዚያ በፊት ባለውም ወር እንዲሁ ነው፤ የጠዋቱ ደንበኛ ሲቀልና ገንዘብ ተቀባዮቹ ሻይ ሲወጡ፣ አራት ሰዓት ከአሥር። ሁለት ዓመት ሙሉ ኬብሉን የሚነቅለው እሱ ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይህን ልቧ ያውቀው ነበር፤ ሥራዋን የምታውቅ ሴት እንዲህ ያለ ነገር አያመልጣትም። ማወቅ ስላልፈለገች ብቻ ነው።

ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቆጠረች። ሃያ ሦስት ቀን። እሷ ተረስቻለሁ ብላ በተቀመጠችባቸው ቀናት ሃያ ሦስት ጊዜ ነቅሎ ስልኩ ሥር ቆሟል። ደቂቃዎቹ እየረዘሙ ሄደዋል፤ አሥራ አምስት፣ ሃያ፣ ሃያ ስምንት፣ አርባ። የመጨረሻው ማክሰኞ ነበር፤ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። አሥራ ስድስት ቀን ንጹሕ አረንጓዴ፣ አንዲት ጭረት የሌለበት። መስመሩ የዳነው የዚያን ቀን ነው።

ስልሳ ብላ ነበር የጻፈችው። ስምንት ደቂቃ ቢታገሥ ነጥቡ ቀይ ይሆን ነበር፣ ድምፁ ይጮኽ ነበር፣ እሷም ስልኩን ለማንሳት ወንበር ትገለብጥ ነበር። ያችን ማክሰኞ ደህና አድርጋ ታስታውሳታለች። እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን ሹራቧ ውስጥ ከታ፣ የማይጮኸውን ስልክ ስታይ ነበር። ሁለቱም በአንድ ሰዓት አንድ አንድ ስልክ እያዩ፣ አንዱ የሌላውን ዝምታ እየሰማ። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ።

«የአሥራ አንዱን መግቢያ ዘጋሽው?» አለ ወንድሟ። ከዚያ ፊቷን አየ። «ምን ሆነሻል?»

«አልዘጋሁትም።»

ወደ ስክሪኑ ተጠጋና ዝርዝሩን አነበበ። መነጽሩን ከፍ አደረገ። «ይሄ ምንድን ነው? ሃያ ሦስት ጊዜ? ሪፖርት ላይ የለማ!»

«እኔ ነኝ የደበቅኩት። ስልሳ ደቂቃ አደረግኩት፤ እንዳታስነሳው ብዬ።»

«አንቺ?» ድምፁ ከቁጣ ይልቅ ግርምት ነበረበት። «አንቺ ዋሸሽኝ?»

«አዎ ወንድም ጋሼ። በኋላ የፈለግከውን ቅጣኝ።»

ስልኩን አነሳች። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳተች።

«ወዴት ነው የምትደውዪው? መስመሩ እኮ ሰላም ነው! አረንጓዴ ነው!»

«አያለሁ» አለችው።

በሁለት ዓመት ውስጥ ያ ነጥብ አረንጓዴ ሆኖ ያንን ቁጥር መትታ አታውቅም። ምን ብላ እንደምትጀምር እንኳ አልተለማመደችም። ስልኩ ረጅም ጊዜ ጠራ። ከዚያ ተነሳ።

«አሥራ አንድ» አለ ድምፁ፣ እንደ ልማዱ።

«ማዕከል ነኝ።»

ከወዲያ በኩል ካርቶን ሲጎተት፣ አንድ ሰው ባልዲ ሲቆጥር ይሰማል።

«መስመሩ ደህና ነው» አለ በመጨረሻ። «እርስዎ ጋ ቀይ ያሳያል እንዴ?»

«እርስዎ» አላት። ሌላ ሰው በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር።

«አያሳይም። ምንም አልተበላሸም።»

«ታዲያ ምን ልታዘዝ?»

«ዝም ብዬ ነው የደወልኩት።»

«አሁን?» አለ። ሳቅ ቢጤ አወጣ፤ ሳቅ ግን አልነበረም። «እያስረከብኩ ነው። አዲሱ ሰው እዚህ ቆሟል። አውቶቡሴ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው የሚነሳው፤ አሁን ነው ዝም ብለሽ የምትደውዪው? ስንት ቀን እንደጠበቅኩሽ ታውቂያለሽ?»

«ሃያ ሦስት ቀን» አለችው። «የመጀመሪያው ቀን አራት ደቂቃ። ቅዳሜ ዘጠኝ። የመጨረሻው ማክሰኞ ነበር፤ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ።»

የባልዲው ቆጠራ ቆመ። ምናልባት ሰውየውን በእጁ ዝም አሰኝቶት ይሆናል።

«እያየሽኝ ነበር ማለት ነው» አለ በቀስታ። «እኔ መስመሩ ሌላ ቦታ የተበላሸ ይመስለኝ ነበር። ታማ ይሆናል እል ነበር። አንቺ ግን ቁጭ ብለሽ ደቂቃ ትቆጥሪያለሽ።»

«አይደለም! ስማኝ! ዛሬ ነው ያየሁት፤ አሁን፣ ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ። እኔ ጋ አረንጓዴ ነበር የሚያሳየው። እኔ ነኝ እንደዚያ ያደረግኩት። ብዙ ጊዜ ጠፋ ብለው ከሥራ ሊያስነሱህ ነበር። ከአንድ ሰዓት በታች ከሆነ እንዳያሳይ አድርጌ ዘጋሁት። አንተን የደበቅኩ መስሎኝ ራሴን ከአንተ ደበቅኩ።»

«አንድ ሰዓት?»

«ስልሳ ደቂቃ።»

ሲያስብ ይሰማታል። ሲቀንስም ተሰማት።

«ስምንት ደቂቃ» አለ።

«ስምንት ደቂቃ።»

«እስከ ማታ ልቆም ነበር እኮ የዚያን ቀን። ወስኜ ነበር። አንድ ግንበኛ ሴራሚክ ገዝቶ ደረሰኝ አልወጣለት አለና መጮኽ ጀመረ፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ‹ሲስተም የለም፣ ሲስተም የለም› እያለች ልታለቅስ ደረሰች። አሳዘነችኝና ሰካሁት።» ድምፁ ተሰበረ። «ለምን አልነገርሽኝም? አንድ ቃል።»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«ለምን ብለህ ትጠይቀኛለህ ብዬ።»

«ለምን ነበር?»

ወንድሟ ከጠረጴዛው ማዶ እንደቆመ ነው። ክንዶቹን አጣምሯል፤ ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምራ በዚህ ዓይን ፊት አንገቷን ስትደፋ ኖራለች። ዛሬ ግን ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ለሌላው ሰው መለሰችለት።

«ስለምወድህ ነዋ! ሌላ ምን ምክንያት አለኝ? አንተ ከሄድክ እዚህ ክፍል ውስጥ ምሳ በልተሻል ወይ የሚለኝ ሰው የለም። በዚህ ዓለም ላይ የለም።»

ወንድሟ ጠረጴዛው ላይ ያልተከፈተውን የምሳ ዕቃዋን ተመለከተ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ፤ ጠርጎም አልጨረሰ፣ እንደያዘው ወጣ። የመስተዋቱን በር ከኋላው በቀስታ ሳበው። ኮሪደሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ።

«ሃሎ?» አለች፤ ስልኩ ውስጥ ምንም ስላልሰማች። «አለህ?»

«አለሁ።» ሲያለቅስ እንደነበር ከትንፋሹ ታወቃት። «ሰው ጠብቆኝ አያውቅም እኔን። የጠበቅኩትን የሚቆጥርልኝማ…» አልጨረሰውም።

«ማታ ትገባለህ እዚህ?»

«አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያችሁ እደርሳለሁ። እዚያው አድሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሌላ አውቶቡስ እይዛለሁ። ከተማሽን ሳላይ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ላልፍ ነበር ያሰብኩት።»

«እመጣለሁ።»

«አትምጪ።»

«ለምን?»

«ከመጣሽ አልሄድማ! ውል ፈርሜአለሁ፤ ሰዎች ቦታ ይዘው ይጠብቁኛል። አንድ ጊዜ በመስተዋት አይቼሽ ዓመት ሙሉ አበድኩ። አትምጪ፣ እባክሽ።»

«ለዚሁ ብዬ ነው የምመጣው» አለችው።

እሺ አላለም። እንቢም አላለም። ትንፋሹ ግን እዚያው ነበር፤ የእሷም እዚህ። እስከ ዛሬ ጥሪያቸው ሁሉ የሚያልቀው «ተስተካክሏል፣ አመሰግናለሁ» በሚል ቃል ነበር፤ ምንም ያልተበላሸበት ጥሪ በምን ቃል እንደሚዘጋ ሁለቱም አያውቁም። ስለዚህ ማንም አልዘጋም። አዲሱ ሰው ከወዲያ ባልዲውን መቁጠር ቀጠለ፤ እሷም እንዲህ ሩቅ ሆኖ እንዲህ የቀረባት ሰው ኖሮ እንደማያውቅ እያሰበች፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ፣ ብቻዋን በቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ተቀመጠች።